መፀውን በጅማ ክፍል ውስጥ ማስተማር፦ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የሚሠሩ የወቅት ትምህርቶች

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንዳንድ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ቀይና ብርቱካናማ ቅጠል ይለጠፋል። ሥዕሉ ከኢንተርኔት ወጥቶ የታተመ ነው። ቅጠሉ የሜፕል ስለሆነ ጅማ ውስጥ ልጅ ከደጁ አንስቶ ሊያመጣው አይችልም። በዚያው ሰሞን ከግቢው አጥር ማዶ ቡናው መቅላት ይጀምራል፣ በቆሎው ይደርቃል፣ ዝናቡም ቀኑን እየዘለለ ይመጣል። የጅማ መፀው የሚታየው በመቅላትና በመድረቅ ነው። ቅጠል መርገፍ የዚህ ወቅት ምልክት አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ሥራዎች ሁሉ ከዚህ ይነሣሉ፤ ልጁ በእጁ ሊይዘው፣ ሊቆጥረው፣ ሊመዝነውና ነገ ተመልሶ ሊያየው የሚችለውን ነገር እንጠቀማለን።

ስሙን መጀመሪያ አስተካክሉ። በዘመን አቆጣጠራችን መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አዲስ ዓመት ሲገባ «ፀደይ መጣ» ማለት ስለተለመደ፣ ቤት የሰሙትንና ክፍል የሚማሩትን አንድ ማድረግ አቅቷቸው ግራ የሚጋቡ ልጆች አሉ። «ቤት ጥቢ የምትሉት ጊዜ አለ አይደል? እሱ፣ እህል መሰብሰብ የሚጀመርበት ጊዜ፣ መፀው ነው» ብትሏቸው ቶሎ ይገባቸዋል። የወቅቱን ስም ካላንደር ላይ መጻፍ ብቻ በቂ አይደለም። መስከረም 26 ቀን ልጆቹ ራሳቸው በቀለም ያክብቡት።

በአማርኛ በሚያስተምር የጅማ ክፍል ውስጥ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚነገር ልጆች ብዙ ናቸው። የወቅቱን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ለጥፉ፦ ቡና ቡነ፣ በቆሎ ቦቆሎ፣ ቅጠል ባላ፣ አበባ አባቦ፣ ፀሐይ አዱ። አፉን ያልፈታበትን ቋንቋ የሚማር ልጅ ነገሩን አያውቅም ማለት አይደለም። ቡና ስለማድረቅ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል፤ በቤቱ ቃል እንዲጀምር ፍቀዱለት።

የሚያስፈልገው ዕቃ

50 ልጅ ያለበትን ክፍል በስምንት ቡድን እንከፍላለን፤ አንድ ቡድን ስድስት ወይም ሰባት ልጅ ይደርሰዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ልጅ ይሠራል፣ የቀረው ይጋፋል። ለወቅቱ በሙሉ የሚበቃችሁ ይህ ነው፦ ጎኑ ቀጥ ያለ የ2 ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሁለት እኩል የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች፣ የ1 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ሁለት፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ 200 ያህል ቆርኪ፣ አንድ ሰፊ ወንፊት፣ የቆዩ ጋዜጦች፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔ፣ የሰም ቀለም። ቆርኪውን ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰበስቡታል። ጫፉ የተሰነጠቀውን ወይም የዛገውን መልሱ፤ ጣት ይቆርጣል።

እሸት ቡናና ደረቅ በቆሎ ከወላጆች ጠይቁ። «እያንዳንዱ ልጅ አንድ ኪሎ ያምጣ» የሚል ትእዛዝ ግን አትስጡ። በለቀማ ሰሞን አንድ ኪሎ እሸት ለቤተሰቡ ገንዘብ ነው፤ ልጁም ባዶ እጁን ላለመምጣት ከሰው ማሳ ይለቅማል። ለክፍሉ ሁሉ ሁለት ኪሎ እሸት ይበቃል፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ወላጅ ማግኘት ይቻላል።

እሸት ቡና፦ ሦስት ክፍለ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ

ከሁሉም ሥራ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ቡናው በመጀመሪያው ዝናብ ያበበው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር በፊት ነው፤ ስለዚህ ልጁ በእጁ የያዘው ፍሬ ያለፈውን ትምህርት ዘመን ግማሽ ያህል በዛፉ ላይ ቆይቷል። ይህን በቀን መቁጠሪያው ላይ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ አሳዩአቸው። ከጥቅምት ተነሥቶ ወደ የካቲት መሄድ ለ2ኛ ክፍል ልጅ ጥሩ የቁጥር ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፍሬውን ያያሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ይለያሉ። ለአንድ ቡድን 20 ፍሬ ስጡ፤ ሆን ብላችሁ 12 ቀይ፣ 4 አረንጓዴ፣ 2 ወደ ቢጫ ያጋደለ፣ 2 ደግሞ ዛፍ ላይ የጠቆረ ቀላቅሉ። ሁሉንም ቀይ ከሰጣችሁ የሚለየው ነገር ስለሌለ ሥራው በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ልጆቹ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አራት ክብ ይሠሩና ያስቀምጣሉ። ከዚያ በቆርኪ ይተኩታል፤ በእያንዳንዱ ፍሬ ልክ አንድ ቆርኪ ከታች ወደ ላይ ይደረደራል። ይህ የመጀመሪያው ግራፋቸው ነው። አብዛኛው ቡድን እዚህ ላይ የሚሳሳተው ቆርኪዎቹን እኩል ባለማራራቅ ነው፤ አራት ቆርኪ ተራርቆ ሲደረደር ከስድስት ይበልጥና ልጁ «አረንጓዴው ይበዛል» ይላል። በካርቶን ላይ አራት ማዕዘን ሣጥኖች አስምሩና በአንድ ሣጥን አንድ ቆርኪ ይቀመጥ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ፍሬውን ውሃ ውስጥ ይጨምራሉ። አንድ ሳፋ ውሃ፣ 20 ፍሬ፣ መጀመሪያም ግምት። «ስንት ይሰምጣል?» የሚለውን እያንዳንዱ ቡድን በወረቀት ጽፎ ካስቀመጠ በኋላ ብቻ ይጣል፤ ግምቱ ሳይጻፍ ከተጀመረ ሁሉም «አውቄ ነበር» ይላል። በደንብ የበሰለ ሙሉ ፍሬ ይሰምጣል። ውስጡ ያልሞላ፣ ነፍሳት የበላው ወይም ዛፍ ላይ የደረቀ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፉትን አውጥታችሁ ክፈቷቸው፤ ውስጣቸው የተቦረቦረ ወይም ባዶ የሆነውን ልጁ በዓይኑ ካላየ መንሳፈፍ ምትሐት ይመስለዋል። ፍሬውን ሲጥሉት አየር ተጣብቆበት የሚንሳፈፍም ስላለ፣ በእንጨት አንድ ጊዜ አማስሉና ከዚያ ቁጠሩ።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። ለአንድ ቡድን 10 ቀይ ፍሬ። ልጁ ፍሬውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫን ሲለው ቀዩ ልጣጭ ይተረተርና ዝልግልግ ያለበሳቸው ሁለት ፍሬዎች፣ ጠፍጣፋ ጎናቸውን ገጥመው፣ ተንሸራተው ይወጣሉ። ገና ከመክፈታቸው በፊት ጠይቁ፦ 10 እሸት ሁለት ሁለት ቢወጣው ስንት ይሆናል? 1ኛ ክፍል ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያለ ይቆጥራል፤ 2ኛና 3ኛ ክፍል በማባዛት ይጽፈዋል። ከዚያ ሲከፍቱ ከአንዱ ጥግ «ቲቸር፣ የኔ አንድ ብቻ ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ እሸት ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ያድግና ቦታውን ሁሉ ስለሚይዝ ክብ ይሆናል። ይህ የልጁ ስሕተት አይደለም፣ አታርሙት። በቦርዱ ላይ «የገመትነው 20፣ ያገኘነው 19» ብላችሁ ጻፉና ሌላውም ቡድን ያገኘውን ይጨምር። ግምትና ቆጠራ ለምን እንደሚለያዩ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ሁለት ጥንቃቄ። ልጆች ጣፋጩን ሥጋ መምጠጥ ይወዳሉ፤ ለ1ኛ ክፍል ልጅ ግን ውስጡ ያለው ፍሬ አፉ ገብቶ ሊያንቀው ወይም አፍንጫው ውስጥ ሊወተፍ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን ስትሰጡም ስትሰበስቡም ቁጠሩ። ሌላው ዝልግልጉ ነው፦ ጠረጴዛ ላይ ከደረቀ ንብና ዝንብ ይጠራል፣ ደብተርም ያጣብቃል። ሥራው ከማለቁ አሥር ደቂቃ በፊት እርጥብ ጨርቅ ይዙር።

ማድረቅና መመዘን

የተረፈውን እሸት፣ ቢያንስ አንድ ኪሎ፣ ታደርቃላችሁ። ወንፊቱን በአራት ድንጋይ ወይም በሁለት ዴስክ መካከል ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ ነጋዴውና ገበሬው አልጋ የሚሉት ይኸው ነው፣ አየር ከታችም ከላይም እንዲያገኘው። ፍሬው በአንድ ንጣፍ ብቻ ይሰጣ፣ አይደራረብ። በመምጫ፣ በእረፍትና በመውጫ ሰዓት ይገላበጥ። ሲዘንብና ማታ ወደ ክፍል ይግባ።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዓርብ ከሰዓት ማንም ሳያስገባው ይቀርና የቅዳሜ ዝናብ ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ «እንዳይረጥብ» ተብሎ በላስቲክ ይሸፈንና በራሱ ወዝ ሻጋታ ያወጣል። የሚሸፈነው በጨርቅ ወይም በጆንያ ነው። ሦስተኛ፣ ልጆቹ ሲሰላቹ መገላበጡ ይቀርና ከታች ያለው ጎን ይሻግታል። የሻገተውን ለማሳያ ብላችሁ አታቆዩት፣ በእጅም አይነካ፤ ጣሉት። ለዓርብና ለቅዳሜ ቤቱ ቅርብ የሆነ ልጅ ከወላጁ ጋር ተነጋግሮ ይውሰደው።

ሚዛኑ ቀላል ነው። የ1 ሜትሩን እንጨት መሐሉን ለክታችሁ በሲባጎ አንጠልጥሉ፤ ከመሐሉ እኩል ርቀት ላይ፣ ለምሳሌ 45 ሴንቲ ሜትር ከግራና 45 ከቀኝ፣ ሁለቱን ጣሳዎች እሰሩ። ባዶውን ሳይመዛዘን ከቀረ ቀላል በሆነው ጎን እንጨቱ ላይ ጭቃ ለጥፉበት። መመዘኛ ድንጋይ አያስፈልግም፤ የደረቀ በቆሎ ፍሬ ይበቃል። 20 እሸት በአንዱ ጣሳ ይገባል፣ በሌላው እስኪስተካከል የበቆሎ ፍሬ ይጨመራል፣ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። እነዚያው 20 ፍሬዎች በክር ምልክት በተደረገበት የወንፊቱ ጥግ ይቀመጡና ሰኞና ሐሙስ ይመዘኑ። የሚመዘነው ፍሬ በየጊዜው ከተለዋወጠ ቁጥሩ ይዘላል፤ ልጆቹም ቡናው አንድ ቀን ከብዶ ሌላ ቀን የቀለለ ይመስላቸዋል። የመመዘኛው በቆሎ ደግሞ ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጥ፤ እርጥበት ሲስብ እሱም ይከብዳል።

በሦስት ሳምንት ገደማ፣ ደመና ከበዛ ከዚያም ቆይቶ፣ ፍሬው ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፣ ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ውስጡ ይንኳኳል። ጀንፈል ሆነ ማለት ነው። አንድ ኪሎ የበሰለ እሸት ደርቆ 400 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ 100 የበቆሎ ፍሬ የመዘነው በመጨረሻ 40 አካባቢ ላይ መድረስ አለበት። 60 ላይ ከቆመ ገና አልደረቀም። «የቀረው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ለመናገር አትቸኩሉ። እናቱ ልብስ ስታሰጣ ያየ ልጅ ውሃው ወደ አየር እንደሄደ ራሱ ይደርስበታል። ለ3ኛ ክፍል አንድ ሒሳብ ጨምሩ፦ አንድ ኪሎ ንጹሕ፣ ልጣጩ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ይለቀማል፤ ታዲያ ለሦስት ኪሎ ስንት ያስፈልጋል?

የበቆሎ ረድፍ

በደረቀ የበቆሎ ራስ ላይ ፍሬዎቹ ከታች ወደ ላይ በረድፍ ይሰለፋሉ። የረድፎቹ ብዛት ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ሳይሆን ጥንድ ቁጥር ነው የሚመጣው፦ 12፣ 14፣ 16። ምክንያቱ ፍሬዎቹ የሚወጡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሆነ ነው። ይህን አስቀድማችሁ አትንገሩ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ራስ ስጡ፣ ይቁጠሩ፣ ቁጥሩን በቦርድ ላይ ደርድሩት። ከዚያ «እነዚህ ቁጥሮች ምን ያመሳስላቸዋል?» በሉ።

13 ወይም 15 ያመጣ ቡድን መኖሩ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ የጀመሩበትን ረድፍ ረስተው ሁለት ጊዜ ቆጥረውታል፣ ወይም ጫፉ ላይ ቆጥረዋል። ጫፉ ላይ ረድፉ ስለሚዛባ የሚቆጠረው ከራሱ መሐል ላይ ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ በከሰል ምልክት አድርጉበትና እንደገና ይቁጠሩ። ፍሬ የጎደለበት ቦታ ካለ እሱም ትምህርት ነው፦ በእሸትነቱ ከላይ የሚንጠለጠለው እያንዳንዱ የጸጉር ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከበቆሎው አበባ የሚበንነው ዱቄት ያልደረሰው ክር ፍሬ አይሠራም።

ከተፈለፈለ በኋላ ፍሬው የአሥር አሥር ክምር ይሆናል፣ ቆረቆንዳው ደግሞ ቀለም ተነክሮ ወረቀት ላይ ሲንከባለል ደስ የሚል ማተሚያ ይወጣዋል። ለመፈልፈል ለልጅ እጅ የሚቀለው መጀመሪያ እናንተ አንድ ረድፍ በማንኪያ ጀርባ ካወጣችሁለት ነው።

ዝናብን መለካት

የጅማ ዝናብ መስከረም ላይ ቁርጥ አይልም፤ ጥቅምትም ውስጥ ብቅ እያለ ይሄዳል። ሲቀንስ ማየት የሚቻለው ከተለካ ነው። የ2 ሊትሩን ጠርሙስ አንገቱ ማጥበብ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ፣ የተቆረጠውን አንገት ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ አስቀምጡት። የጠርሙሱ ታች ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩና ጎኑ ቀጥ እስኪል ድረስ ውሃ አፍስሱ፤ ዜሮ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ላይ በየ10 ሚሊ ሜትሩ በማይለቅ ማርከር አስምሩ። ከጣሪያና ከዛፍ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ተደግፎ ይቁም። ወገቡ የጠበበ ጠርሙስ አይሆንም፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ውሃው ቶሎ ስለሚወጣ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል።

በየጠዋቱ ትምህርት ሲጀመር ሁለት ልጆች ያነባሉ፣ ከዚያ እስከ ዜሮው መስመር ድረስ ያፈሳሉ። ልጆቹ በራሳቸው ውሃ እንደሚጨምሩበት ጠብቁ፤ ክልከላ ብዙም አይረዳም፣ በየሳምንቱ የሚቀየር «የዝናብ ጠባቂ» ጥንድ መሰየም ግን ይረዳል። ደረቅ ሳምንት ላይ የዜሮው ውሃ ራሱ ይተናል፤ ስለዚህ ልጁ «ከዜሮ በታች» ካላችሁ እውነቱን ነው፣ ሙሉት። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ጨርሳችሁ ድፉትና ሰኞ አዲስ ውሃ አድርጉ። በአካባቢያችን ወባ አለ፤ የቆመ ውሃ ከሳምንት በላይ ከቆየ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።

ጥላ በሲባጎ

ፀሐይን በቀጥታ አለማየት ደንብ ይሁን፤ የምንለካው ጥላዋን ነው። ሁለተኛውን የ1 ሜትር እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ። ከጫፉ ድንጋይ የታሰረበት ክር አንጠልጥላችሁ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ፤ እንጨቱ ትንሽ ካዘነበለ ልኬቱ በሴንቲ ሜትሮች ሊዛባ ይችላል። ጅማ ላይ ጥላው የሚያጥርበት ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ሳይሆን በዚህ ወቅት ከ6፡15 እስከ 6፡35 አካባቢ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ሊወጣ ሲል ወይም የከሰዓቱ ሲገባ ይመቻል።

መስከረም 26 ጥላው 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጥቅምት 26 ወደ 43 ይደርሳል፣ ኅዳር 26 ወደ 58፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ 60 ላይ ይቆማል፤ ሁልጊዜም ወደ ሰሜን ይተኛል። ቀኑ ደመና ከሆነ አትጨነቁ፣ በሦስት ቀን ልዩነት የሚመጣው ለውጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሴንቲ ሜትር ገና ያልተማረ የ1ኛ ክፍል ልጅ በጥላው ልክ ሲባጎ ይቆርጣል፤ ሲባጎው በወሩ ስም ሥር ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ሲባጎዎቹ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ፀሐይ ወደ ደቡብ እያዘነበለች መሄዷን ማንም ሳያብራራ ይናገራሉ። ሲባጎው የሚሳብ ዓይነት ከሆነ ግን ሳይወጠር ይለካ።

ቅጠል

ቅጠል ማተም ያስደስታል፣ ይሠራም፤ ብቻ በራሳችን ቅጠል ይሁን። የቡና፣ የማንጎ፣ የአቮካዶ፣ የዋንዛና የሰሳ ቅጠል ሰብስቡ። ጅማቱ የጎላው በጀርባው በኩል ስለሆነ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጉት፣ ወረቀት አልብሱት፣ የሰም ቀለሙን አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። የደረቀ ቅጠል ይሰበራል፤ በዚያው ቀን የተቀጠፈ ይሻላል። ሰሳ ላይ ልጆች አንዷን ቅንጣት «አንድ ቅጠል» ይሏታል፤ አንዱ ቅጠል ግን ብዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሸከመው ሙሉው ዘንግ ነው። ቡና ደግሞ ቅጠሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ይህንም ከቅርንጫፉ ጋር አሳዩ።

በጋዜጣ መሐል ለማድረቅ ካሰባችሁ ጋዜጣውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። በጅማ እርጥበት ያልተቀየረ ጋዜጣ በሳምንት ውስጥ ቅጠሉን ያሻግተዋል።

«ቅጠሉ ለምን አልቀላም?» የሚል ልጅ ይኖራል፤ በቴሌቪዥን አይቷል። መልሱ አጭር ነው። ከምድር ወገብ ርቀው ባሉ አገሮች በዚህ ሰሞን ቀኑ በጣም ያጥራል፣ ብርዱም ይመጣል፣ ዛፉ አረንጓዴ ቀለሙን ይተውና ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይገለጣል፣ አንዳንዱም ቀይ ያወጣል። ጅማ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። እንደ ዋንዛና ቆርች ያሉት ቅጠላቸውን የሚያራግፉት በጋ ላይ ውሃ ሲያንሳቸው ነው። በጋ ሲገባ ተመልሳችሁ አንድ ዋንዛ ብታሳዩአቸው መልሱ ይጸናል።

ከግቢ ውጭ ለመውጣት ጠዋቱን ምረጡ፣ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው። ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር አትውሰዱ፤ ከክረምቱ በኋላ ዳሩ ያዳልጣል። ለአበባና ለዘር የመንገድ ዳር ሣር ይበቃል። አደይ አበባ አንድ አበባ ይመስላል እንጂ መሐሉ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፣ በማጉያ መነጽር ካላችሁ አሳዩ። ልጆቹ ሲመለሱ ካልሲና ሹራባቸው ላይ የተጣበቀውን ጭጎጎት አታራግፉባቸው፤ ነጭ ወረቀት ላይ ይንቀሉትና ዘር እንዴት እንደሚጓዝ ከዚያ ጀምሩ።

በዓላትን በተመለከተ፦ መስቀልና ኢሬቻ በዚህ ሰሞን ይውላሉ፣ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ልጆች አብረው ተቀምጠዋል። ልጁ ቤቱ የሚያደርገውን እንዲናገር ዕድል ስጡት፣ ሥራውን ግን በሁሉም ደጅ ባለው ቡና፣ በቆሎና ዝናብ ላይ አድርጉት።

እንቆቅልሽ

ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለቋንቋ ይሁን። ልጆቹ በሳምንቱ ከነኩት ነገር እንቆቅልሽ ይሥሩ። አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ክፍሉ «ምን አውቅልሽ» ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል፦ «ላይዋ ቀይ ቀሚስ፣ ሆዷ ውስጥ መንታ»። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ስሙን ራሱን ይናገራሉ፤ «ቡና የሆነ ነገር ምንድነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ለማለፍ ሦስት ጥያቄ ቦርድ ላይ ጻፉ፦ ምን ይመስላል? ውስጡ ምን አለ? ማን ይፈልገዋል? ከሦስቱ ሁለቱን የመለሰ ልጅ እንቆቅልሹን አገኘው። 2ኛና 3ኛ ክፍል ጽፈው ይያዙት፣ 1ኛ ክፍል በቃል ብሎ ሥዕሉን ይሣል።

«እንዝራው» ሲሉ

ማድረቁ ሲያልቅ ልጆቹ ጀንፈሉን መዝራት ይፈልጋሉ። በፀሐይ ከነልጣጩ የደረቀው ለዘር አይሆንም። ገና እሸት ሳለ ከደህናዎቹ ቀይ ፍሬዎች አሥሩን ለዩ፣ ጨምቃችሁ አውጡ፣ ዝልግልጉን እጠቡ፣ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን አቆዩ። ከታች በተበሳ ላስቲክ ውስጥ አፈር ሙሉና አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ትከሉት። ቡና ለመብቀል ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይፈጃል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ያህል አይታገሥም። በጎኑ ቦሎቄ ትከሉለት። ቦሎቄው በሳምንት ገደማ ፍሬውን በግንዱ ጫፍ ተሸክሞ ብቅ ይላል፣ ቡናውም ሲበቅል እንደዚያው ነው የሚወጣው፤ የክብሪት እንጨት ይመስላል።

ትልቁ ችግር ልጆች እያወጡ ማየታቸው ነው። አሥሩም ላስቲክ በሁለተኛው ሳምንት ተቆፍሮ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሁለቱን ላስቲክ «የሚቆፈር» ብላችሁ ጻፉባቸውና በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ጊዜ በሁሉም ፊት ቀስ ብላችሁ ክፈቷቸው፣ ሥሩ የት እንደደረሰ በሲባጎ ለኩ፣ መልሳችሁ አልብሱት። ስምንቱ ላይ ማንም እጁን አያሳርፍም።